የፊት እግር ጥያቄዎች፦ ሞላ፣ ሾክና «ከፍ ላርገው ወይ?»

በዚህ ወር ከደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ፎርዊል መኪና የፊት እግር (ጎማውን ስለሚይዙት ሞላ፣ ሾክና ክንዶች) ስለሆኑ ሞተሩንም ካምቢዮውንም ለሚቀጥለው ትተን እነሱን ብቻ ይዘናል። አንዳንዶቹ ረዘም ስላሉ አሳጥረናቸዋል።

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ። ቱሪስት ይዤ ደቡብ የምሠራ ሹፌር ነኝ፣ መንገዴ አርባ ምንጭ፣ ጂንካ፣ ቱርሚ፣ ኦሞራቴ ነው። መኪናው ላንድክሩዘር ሃርድቶፕ 78 ነው፣ ናፍጣው 4.2። ባለቤቱ የብረት ፓራውልት ከነዊንቹ (መኪና ሲያዝ በገመድ የሚጎትተው) አስገጠመበትና ከዛ ወዲህ ፊቱ አጎንብሷል፣ ሾኩም ቶሎ ቶሎ ዘይት እያፈሰሰ አስቸገረኝ። ጋራዥ ብወስደው «10 ሳንቲም ከፍ እናርገው፣ ሁሉም ይስተካከላል» አሉኝ። ሞላ ልቀይር፣ ሾክ ልቀይር ወይስ የሚሉትን ልስማ?

መልስ፦ ወንድሜ 10 ሳንቲሙን ተወው፣ ለምን እንደሆነ እመጣበታለሁ። መጀመሪያ ያጎነበሰውን እንይ። 78 እ.ኤ.አ. በ1999 ከወጣ ጀምሮ ፊቱ ሞላ ኋላው ባሌስትራ፣ ማለትም ተደራርቦ የታሰረ የብረት ቅጠል ነው (ከሱ በፊት የነበረው 75 አራቱም እግር ባሌስትራ ነበር)፣ እና ከፋብሪካ የመጣው ሞላ የተሰላው ለቀላሉ የፋብሪካ ፓራውልት ነው። የብረት ፓራውልት ከዊንችና ከሽቦ ገመዱ ጋር ተደምሮ ወደ 100 ኪሎ ሊጠጋ ይችላል፣ ደሞ የተቀመጠው ከፊት ጎማው ቀድሞ ስለሆነ ፊት አክስሉ ላይ የሚያርፈው ከራሱ ኪሎ በላይ ነው፣ ኋላውን ትንሽ እያቀለለ ፊቱን ይጫናል ማለት ነው። በዚህ ላይ ሞላው አርጅቶ ከሆነ ማጎንበሱ የሚጠበቅ ነው።

ስለዚህ ሞላ ስትገዛ «ስንት ሳንቲም ያነሳል» ከማለትህ በፊት «ስንት ኪሎ ይሸከማል» በል። ደህና የሚባሉት አምራቾች፣ እነ ኦልድ ማን ኢሙ፣ ዶቢንሰንስ፣ ታፍ ዶግ፣ አይረንማን፣ ለአንድ መኪና የፊት ሞላ ብቻ ሁለትና ሦስት ዓይነት አላቸው፤ አንዱ ፓራውልት ላልተቀየረ፣ አንዱ የብረት ፓራውልት ላለው፣ አንዱ ከነዊንቹ ለሚሄድ። ከፍታቸው የሚገለጸው የተባለውን ክብደት ሲሸከሙ ነው። ለዊንች የተሠራውን ባዶ መኪና ላይ ብትገጥመው በጣም ይነሳል፣ ይደርቃል፣ ጠጠር ላይ ይንጥሃል፤ ለባዶ የተሠራውን ደሞ ዊንች ስር ብታስገባው በዓመቱ ተመልሰህ እዚሁ ጥያቄ ላይ ነህ። ያንተ የቱ ጋ እንደሚወድቅ ለማወቅ የከባድ መኪና ሚዛን ካገኘህ ለጉዞ እንደምትጭነው ጭነህ፣ ነዳጁ ሙሉ ሆኖ፣ የፊት ጎማዎቹን ብቻ ሚዛኑ ላይ አውጣና አስመዝን። ከዛ ደልዳላ ቦታ አቁመህ ከጎማው መሃል እስከ ፓራፋንጎው ከንፈር ያለውን በሜትር ለካ፣ ግራና ቀኙን ለየብቻ ጻፈው። ሞላ የሚሸጥልህ ሰው እነዚህን ቁጥሮች ካልጠየቀህ ዕቃ አቀባይ እንጂ አማካሪ አይደለም፣ ቁጥሩን አንተው ንገረው።

አሁን ወደ 10 ሳንቲሙ። ያንተ መኪና ፊቱ ድፍን አክስል ነው፣ አክስሉን የሚይዙት ከሻንሲው ወደ ፊት የሚመጡ ሁለት ረጃጅም ክንዶች ናቸው። ሻንሲው ሲነሳ ክንዶቹ ቁልቁል ይዘቀዘቃሉ፣ አክስሉም አብሮ ይዞራል፣ በዚህ ጊዜ ካስተር የሚባለው ይጠፋል። ካስተር ማለት ጎማው ሲታጠፍ የሚዞርበት መስመር ከላይ ወደ ኋላ የተጋደመበት ልክ ነው፤ ሳይክል መሪውን ለቀህ ስትነዳ ቀጥ ብሎ እንዲሄድ ከሚያግዙት አንዱ የፊት ሹካው ወደ ኋላ መጋደሙ አይደል? እንደዛው ነው። በ5 ሳንቲም ከፍታ እንዲህ ያለ መኪና 2 ዲግሪ አካባቢ ካስተር ያጣል፣ ይሄ በካስተር ጎሚኒ ማለትም ቀዳዳው ከመሃል ወጣ ብሎ በተበሳ፣ የክንዱ መጋጠሚያ ውስጥ በሚገባ የላስቲክ ቀለበት ይመለሳል። በ10 ሳንቲም ግን ጎሚኒው አይበቃም፣ ሌላ ክንድ ወይም የክንዱን መያዣ ዝቅ የሚያደርግ ብረት ይፈልጋል፣ የፍሬን ቱቦው ያጥራል፣ አክስሉን በጎን የሚይዘው ፓናርድ የሚባለው ብረት ሲዘቀዘቅ አክስሉን ወደ አንድ ጎን ይጎትተዋል፣ የፊት ትራንስሚሽኑ (ወደ ፊት አክስሉ ኃይል የሚያደርሰው ዘንግ) ማዕዘን ተበላሽቶ መንዘር ይጀምራል። ሞላ ልቀይር ብለህ ገብተህ ግማሽ መኪና ልትቀይር ነው። እና ያ ሁሉ ተደርጎ መሪው ካልተስተካከለ ከአርባ ምንጭ በላይ ባለው አስፋልት ላይ አይሱዙ ስትቀድም ምን እንደሚሰማህ አንተ ታውቀዋለህ።

ደሞ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ፤ ድፍን አክስል ያለው መኪና በሞላ ከፍ ሲል የሚነሳው ሻንሲውና ቦዲው ነው። የዲፈረንሻሉ ሆድ ከመሬት ያለው ርቀት አንድ ሚሊ አይጨምርም፣ እሱን የሚያነሳው ትልቅ ጎማ ብቻ ነው። ድንጋይ የሚመታህ ዲፈረንሻሉ ላይ ከሆነ ሞላ አያድንህም። ላንተ ሥራ ለፓራውልትና ለዊንች የተሠራ፣ ከ4 እስከ 5 ሳንቲም የሚያነሳ ሞላ፣ ካስተር ጎሚኒ፣ ከዛ አላይመንት (የጎማዎቹን አቋም ማስተካከል)፣ በቃ።

ሾኩ የሚሞተው ደሞ በሌላ ምክንያት ነው። ሾክ ሥራው የሞላውን ዝላይ ወደ ሙቀት መቀየር ነው፣ መስመር መስመር በሠራ ጠጠር ላይ ሰዓታት ስትነዳ በሰከንድ ብዙ ጊዜ እየወጣ እየገባ ዘይቱ ይግላል፣ ተራው ባለ ሁለት ቱቦ ሾክ ውስጥ ደሞ ዘይቱና አየሩ አንድ ላይ ስላሉ ይናጡና አረፋ ይሆናሉ፣ አረፋ ደሞ ምንም አይዝም። መኪናው ጠጠር ላይ ወደ ጎን ሲንሸራተት «ጎማው ነው» የምትሉት ብዙ ጊዜ ይሄ ነው። ጋዝ የተሞላ ባለ ሁለት ቱቦ ይሻላል፤ ከሱ የሚሻለው አየሩ ቦታ ላይ ልዩ ስፖንጅ የገባበት፣ ፎም ሴል የሚሉት ነው፣ ዘይትና አየር ስለማይደባለቁ አረፋ አይሠራም፣ ገላውም ወፈር ያለ ስለሆነ ብዙ ዘይት ይይዛል። ሦስተኛው ባለ አንድ ቱቦ ነው፣ እንደ ቢልስታይን ያለው፣ በሱ ውስጥ ዘይቱና ናይትሮጅኑ በተንሳፋፊ ፒስተን ተለያይተዋል፣ ሙቀትም ቶሎ ያወጣል። ጉዳቱ ፒስተኑ የሚሄደው የውጨኛው ቱቦ ግድግዳ ላይ ስለሆነ አንድ ድንጋይ ቱቦውን ከሰረጎደው አለቀለት። ባለ ሁለት ቱቦ ግን ውጩ ተሰርጉዶም ብዙ ጊዜ ይሠራል። ለኦሞ ሥራ እኔ ፎም ሴሉን እመርጥልሃለሁ። ባለ አንድ ቱቦ ከገዛህ የድንጋይ መከላከያ ሽፋኑን አብረህ ግዛ።

ሾክ ሲገዛ ርዝመቱ ከሞላው ጋር መሄድ አለበት፤ 5 ሳንቲም የሚያነሳ ሞላ ገጥመህ የፋብሪካውን አጭር ሾክ ከተውከው ጎማው ጉድጓድ ውስጥ በወረደ ቁጥር ሾኩ እስከ መጨረሻው ተለጥጦ ራሱን ይበጥሳል። ያንተ ቶሎ ቶሎ ማፍሰሱ ግን በተቃራኒው ይመስለኛል፣ መኪናው ስላጎነበሰ ሾኩ ግማሽ ተጨፍልቆ ነው የሚውለው።

ሁለት ነገር በነጻ ልጨምርልህ። ጠጠር ላይ የጎማ ንፋስ ቀንስ፣ 40 ከሆነ ወደ 28 አካባቢ፣ ፍጥነትም አብሮ ይቀንስ፣ አስፋልት ስትደርስ መልሰህ ሙላ። ከዚህ የረከሰ የእግር ማሻሻያ የለም። ሌላው፣ ከአንድ ሁለት ሰዓት ጠጠር በኋላ ቆመህ አራቱንም ሾክ በጥንቃቄ፣ በጨርቅም ቢሆን፣ ዳሰስ ዳሰስ አርጋቸው፤ ሁሉም ግለው አንዱ ቀዝቃዛ ከሆነ የሞተው ቀዝቃዛው ነው፣ ሥራ እየሠራ አይደለማ።

ጥያቄ፦ እኔ የጎንደር ልጅ ነኝ። ያለኝ የድሮው ሃይሉክስ ነው፣ ከቪጎው በፊት ያለው፣ ፊቱ ሞላ የለውም ረጅም ብረት ነው ያለው። ደባርቅ ወገን ስለምመላለስ መካኒኩ «ብሎኑን አጥብቄ ከፍ አረግልሃለሁ» ብሎ አጠበቀው። ከፍ ብሏል፣ ያምራል፣ ግን ጉድጓድ ላይ «ጓ» ይላል፣ መኪናው ደርቋል። ብረቱ ጠነከረ ማለት ነው?

መልስ፦ አልጠነከረም። ያ ረጅም ብረት ቶርሽን ባር ይባላል፣ ሞላ ሲጨመቅ የሚሠራውን እሱ ሲጠማዘዝ ይሠራዋል። የብረቱ ጥንካሬ የሚወሰነው በውፍረቱና በርዝመቱ ነው፣ ብሎን በማጥበቅ አይቀየርም። መካኒኩ የቀየረው መኪናው የሚቆምበትን ከፍታ ነው። እንደዚህ አስበው፤ የፊት ጎማህ ከላይ እስከ ታች የሚንቀሳቀስበት ርቀት የተወሰነ ነው፣ ሲጠብቅ መኪናው ወደ ላይኛው ጫፍ ተጠግቶ ይቆማል፣ ስለዚህ ጎማው ጉድጓድ ውስጥ ለመውረድ የቀረው ቦታ ትንሽ ነው፣ ወርዶ ሲያልቅ ላይኛው ክንድ ማቆሚያው ላይ ጠንክሮ ይመታል። የምትሰማው «ጓ» እሱ ነው። ሲቪ ጆይንቱም (ጎማው እየታጠፈም ኃይል የሚያደርስለት መጋጠሚያ) በከባድ ማዕዘን እየዞረ ስለሆነ የላስቲክ ሽፋኑን አጎንብሰህ እይ፣ ከተሰነጠቀና ግሪሱ ከወጣ አቧራ ገብቶ በቅርቡ መሪ ስታጥፍ «ቀጭ ቀጭ» ይጀምርልሃል።

ብሎኑን መልሶ ማላላት ነው፣ ከመጀመሪያው ከፍታው ቢበዛ 2 ወይም 3 ሳንቲም ቢበልጥ ይበቃዋል፣ ከዛ በኋላ አላይመንት ግድ ነው ምክንያቱም ከፍታ በተቀየረ ቁጥር ጎማው አቋሙን ይቀይራል፣ አዲስ ጎማ በጥቂት ወር ውስጥ በአንድ ጎኑ ተላጭቶ ያለቀበት ሰው ታውቅ ይሆናል። እውነተኛ ጥንካሬ ከፈለግክ ወፈር ያለ ቶርሽን ባር ለብቻው ይሸጣል፣ ፊቱ ላይ ከባድ ነገር ካላስገጠምክ ግን አያስፈልግህም። አዲስ ሾክና አዲስ የክንድ ጎሚኒ ብታስገባ በዛ ዕድሜ ላይ ያለ መኪና ሌላ መኪና ይሆናል፣ ይሄን በቅርጽ ማማር የሚለካ ሰው አያምነኝም።

ጥያቄ፦ እንደምን አላችሁ። ሐዋሳ አካባቢ እርሻ አለኝ፣ የምነዳው ሃይሉክስ ሬቮ ነው። ክረምት ጭቃው ሆዱን ስለሚነካው ትንሽ ከፍ ላረገው ፈልጌ ነበር። አንዱ ሙሉ ሾክና ሞላ ይቀየር አለኝ፣ ሌላው ደሞ «ስፔሰር ከላይ ጣል ነው፣ በሩብ ዋጋ» አለኝ። ልዩነቱ ምንድነው? ትልቅ ጎማስ ይገባል?

መልስ፦ እህቴ ያንቺ መኪና ፊት ከላንድክሩዘሩ የተለየ ነው፣ ግራና ቀኝ ጎማ ለየብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው፣ ሞላውና ሾኩም አንድ ላይ ተገጥመው በአንድ እግር ነው የሚቆሙት። ስፔሰር ማለት እዛ እግር አናት ላይ የሚገባ የብረት ወይም የፕላስቲክ ቀለበት ነው። ሾኩና ሞላው የጎማው ክንድ መሃል አካባቢ ስለሆነ የተቀመጡት፣ ከላይ የገባ 2 ሳንቲም ጎማው ላይ ወደ 4 ሳንቲም ይጠጋል፣ «ትንሽ ናት» ብለው የሚያስገቧት ለዛ ነው ትንሽ ያልሆነችው። ስፔሰሩ ሞላውን አያጠነክረውም፣ ያረጀውን ሾክ አያድሰውም፣ እግሩን እንዳለ ወደ ታች ይገፋዋል እንጂ። ጎማው ሲወርድ ከበፊቱ በላይ ስለሚወርድ ላይኛው ቴስቲና (ክንዱን ከጎማው ጋር የሚያያይዘው ኳስ መጋጠሚያ) እና ሲቪው ካልታሰበላቸው ማዕዘን ላይ ይደርሳሉ። ሰው ሲሳሳት የሚያየው መኪናው ቆሞ ነው፣ ጉዳቱ የሚመጣው ጎማው ተንጠልጥሎ ሲዞር ነው።

መኪናሽ አዲስ ቢጤ ከሆነና የፋብሪካው ሾክ ደህና ከሆነ ቀጭን ስፔሰር አስገብቶ አላይመንት መሥራት ነውር የለውም፣ ብዙዎች ሠርተውበታል። መቶ ሺህ ኪሎሜትር ካለፈ ግን ብርሽን ለቀለበት አታውጪ፣ እንደዛ ያለው ሾክ ዞሮ ዞሮ መቀየሩ ስለማይቀር አንዴ ሲፈታ 4 ሳንቲም አካባቢ የሚያነሳ ሞላ ከሾኩ ጋር ግጠሚ። ሲቻል ተገጣጥሞ የመጣውን፣ ምክንያቱም እዛ ሞላ ውስጥ የታመቀው ኃይል ሰው ይገድላል፣ በማይረባ መጭመቂያ ወይም በሽቦ አስረው ሲፈቱ ካየሽ ከአጠገባቸው ራቂ። ከ5 ሳንቲም በላይ ለመሄድ ግን ላይኛውን ኮንትሮል አርም፣ ማለትም ላይኛውን ክንድ መቀየር ይመጣል፣ የፋብሪካው አርም በዛ ከፍታ ካስተሩን መልሶ የሚያስገባበት ቦታ ያጣል፣ አላይመንት ሠሪውም «ከዚህ በላይ እምቢ አለኝ» ይልሻል፣ እውነቱን ነው።

ያንቺ የፊት ዲፈረንሻል ሻንሲው ላይ ስለታሰረ ከፍ ስታደርጊው አብሮ ይነሳል፣ የኋላው ግን ድፍን አክስል ስለሆነ ባለበት ነው የሚቀረው። ጭቃው የሚይዝሽ ኋላ ከሆነ ጎማው ነው መፍትሔው። 265/65 በ17 ከሆነ የገጠመልሽ 265/70 ብታደርጊው ጎማው በቁመት 26 ሚሊ ገደማ ይጨምራል፣ ከመሬት የሚያነሳሽ የዛ ግማሽ 13 ሚሊ ነው። ትንሽ ይመስላል ግን ሁለቱንም ዲፈረንሻል ነው የሚያነሳው። እና እውነቱን ለመናገር ለሐዋሳ ክረምት ጭቃ ከከፍታው በላይ የጎማው ጥርስ ነው የሚያወጣሽ፤ አስፋልት ጎማ ይዘሽ 10 ሳንቲም ብትነሺ ከፍ ብለሽ ትሰምጫለሽ እንጂ ሌላ የለውም።

ጥያቄ፦ ሰላም ከዴንቨር። ፎርራነር አለኝ የ2016፣ ከጓደኞቼ ጋር ሞዓብ ዩታ እንሄዳለን። ባለ ሪዘርቯየር (ተጨማሪ የዘይት ጋን ያለው) ኮይልኦቨር፣ ሞላና ሾኩ አንድ ላይ የሆነውን፣ ልግዛ እያልኩ ነው፣ ዋጋው ግን ልክ የለውም። አዲስ አበባ ያለው ወንድሜ ደሞ ፕራዶ 150 ናፍጣ ስላለው ለሱም አንድ ሙሉ ስብስብ ልላክለት?

መልስ፦ ላንተ በዓመት ጥቂት ጊዜ ሞዓብ ለመሄድ አያስፈልግህም። እዛ ድንጋይ ላይ የምትሄደው በሰው እርምጃ ፍጥነት ነው፣ ሾክ የሚግለው ደሞ በፍጥነት ስትሄድ ነው፣ ሪዘርቯየር የሚጨምርልህ ዘይትና ማቀዝቀዣ ቦታ ነው፣ ስለዚህ በረሃ ላይ በ100 የማትሮጥ ከሆነ ለወሬ ነው የምትከፍለው። ቢልስታይን 5100 የሞላ መቀመጫውን በቀለበት ከፍና ዝቅ የምታደርግበት ቦይ አለው፣ እሱ ይበቃሃል። ያ ቀለበት ከፍታ ነው የሚቀይረው፣ «አጠንክሬዋለሁ» የሚሉህን አትስማ። ከማዘዝህ በፊት ግን ያንተም የወንድምህም መኪና ኬዲኤስኤስ (መኪናው በጎን እንዳያጋድል በዘይት ግፊት የሚይዘው የቶዮታ ዘዴ) እንዳለው አጣራ፣ ካለው የሚገጥመው ዕቃ ይለያል፣ ሲነሳም ወደ አንድ ጎን የማዘንበል ጠባይ አለው።

ለወንድምህ፣ የሁለቱ መኪኖች የፊት እግር በጣም ይቀራረባል፣ ሾኩ ብዙ ጊዜ ይገጥማል፣ ሞላው ግን ለናፍጣው ሞተር ክብደት የተሠራ መሆን ስላለበት በፎርራነር ስም አትግዛለት። እየተፈታ የሚታደስ ሾክም አትላክለት። እዚህ ዘይቱን የሚያግደው ላስቲክ ሲሄድ ምትኩን ማን ያመጣለታል፣ ናይትሮጅኑንስ በልኩ ማን ይሞላለታል? ሰማይ የነካ ዕቃ መጋዘን ውስጥ ቁጭ ይላል፣ ወንድምህም መርካቶ ሄዶ ካያባ የሚባለውን የጃፓን ሾክ ይገዛል። ገንዘቡ ካለህ ጥሩ የታሸገ ሾክ፣ ትክክለኛ ሞላና የክንድ ጎሚኒ ሙሉ ስብስብ ላክለት፣ ለጎሚኒው ይመርቅሃል።

ጥያቄ፦ የፊት ባሌስትራ ያለውን የድሮ ላንድክሩዘር ወደ ሞላ መቀየር ይቻላል? በብየዳ የሚሠራ ሰው አግኝቻለሁ።

መልስ፦ ይቻላል፣ አታድርገው። የክንዶቹና የፓናርዱ ማዕዘን በዓይን ግምት ተበይዶ መሪው በትክክል የሚሠራበት ዕድል ትንሽ ነው፣ የተበየደው ከተላቀቀ ደሞ የሚላቀቀው መሪ የያዘው አክስል ነው። ባሌስትራውን አስፈትተህ ቅጠሎቹን አጽዳ፣ የደከመውን ቅጠል ቀይር፣ የጫፍ ጎሚኒዎቹን አዲስ አድርግ፣ ከጥሩ ሾክ ጋር። ለስላሳ ካልሆነልህ ምናልባት የሚደረቡት ቅጠሎች በዝተው ይሆናል፣ የጭነት ባሌስትራ ጨምረውበት የሚሸጡ ስላሉ ቁጠረው።

ጥያቄ፦ ኒሳን ፓትሮሌን 5 ሳንቲም ካስነሳሁት በኋላ በ70 ስሄድ አንድ ጉድጓድ ከመታሁ መሪው ይንቀጠቀጣል፣ እስክቆም አይተወኝም። የመሪ ዳምፐር (የመሪውን ንዝረት የሚያበርድ ትንሽ ሾክ) ቀይር ተባልኩ።

መልስ፦ አዲስ ዳምፐር ለጊዜው ይደብቀዋል። ድፍን አክስል ላይ ይሄ የሚመጣው አንድ ቦታ ልቅ ነገር ስላለ ነው፣ ከፍታው ደሞ ካስተርህን ስለቀነሰው የተደበቀውን አወጣው። ሰው መሪውን ግራ ቀኝ ትንሽ ትንሽ እያወዛወዘ አንተ ስር ገብተህ (ሞተሩ ጠፍቶ፣ ጎማዎቹ መሬት ላይ ሆነው፣ ክሪክ ላይ እንዳይሆን) የፓናርዱን ሁለት ጫፍ እይ፣ ብሎኑ ቀዳዳው ውስጥ የሚንቀሳቀስ ከሆነ አገኘኸው። ከዛ የመሪ ቴስቲናዎችን፣ ከዛ ጎማውን አንስተህ ከላይና ከታች ይዘህ ወዝውዘው፣ ከተጫወተ የጎማ ኩሽኔታ ወይም የኪንግ ፒን (ጎማው ሲታጠፍ የሚዞርበት ምሰሶ) ኩሽኔታ ነው፤ ፍሬን አስረግጠህ ድገመው፣ ጨዋታው ከጠፋ የጎማው ኩሽኔታ ነው፣ ካልጠፋ ኪንግ ፒኑ ነው። ሁሉም ደህና ከሆነ ጎማውን ባላንስ አስደርግ፣ ካስተሩን አስለካና ካስተር ጎሚኒ ግጠም። ዳምፐሩ የመጨረሻው ነው፣ ያኔም ዘይት ካፈሰሰ ብቻ።